የቅርብ ጎረቤት በችሎት ደጃፍ

አበው ‹‹በፍርድ ከሄደች በቅሎዬ፣ ያለ ፍርድ የሄደች ጭብጦዬ›› ይላሉ፡፡ በቅሎ ትልቅ ሀብት ናት፤ ጭብጦ የአንድ መንገደኛ ስንቅ ነች፡፡ ቢሆንም ተሟግቶ፣ ተሰምቶ፣ ተፈርዶበት በቅሎውን ያስረከበ ሰው ቁርጡን አውቆ ይተኛል፡፡ ማንም ሳይሰማው ጭብጦውን የተነጠቀ ግን እየተብሰለሰለ ያድራል፡፡ ይህን ተረት ከልጅነቴ ጀምሮ ሰምቼዋለሁ፡፡ ትርጉሙ የገባኝ ግን አስኮ ውስጥ፣ በአንዲት ጎረቤቴ ደብዳቤ ምክንያት፣ ካረፈደ በኋላ ነው፡፡

ከጥቂት ዓመታት በፊት ነው፡፡ በጽዳት ሥራ የሚተዳደሩ አንዲት ጎረቤታችን ከመሥሪያ ቤታቸው የተሰጣቸውን አንድ ገጽ ደብዳቤ ይዘው ወደ ቤቴ መጡ፡፡ ‹‹ልጄ፣ አንተ የተማርክ ነህ፤ እስቲ ምን እንደሚል ንገረኝ›› አሉኝ፡፡ አነበብኩት፤ ከሥራ አሰናብተዋቸዋል፡፡ ‹‹እትዬ፣ አይዞዎት፤ ጠበቃ የሆነ የትምህርት ቤት ጓደኛ አለኝ፤ እጠይቅልዎታለሁ›› ብዬ ሸኘኋቸው፡፡ ከዚያ ዛሬ ነገ ስል ሳምንቱ ወር፣ ወሩም አራት ወር ሆነ፡፡ እርሳቸው ይሉኝታ ይዟቸው ዳግም አልጠየቁኝም፤ እኔም ረሳሁት፡፡

ያን ደብዳቤ ሁለተኛ ያነበበው ሰው የሰፈራችን ሽማግሌ ነበሩ፤ ከፍርድ ቤት መዝገብ ቤት በጡረታ የተገለሉ፣ ሁላችንም ‹‹ጋሼ›› ብቻ እያልን የምንጠራቸው፡፡ ዕድር በሚሰበሰብበት እሑድ ከስብሰባው በኋላ ጥቂት ይቆያሉ፡፡ ደብዳቤ የመጣበት፣ መጥሪያ የደረሰው፣ የውርስ ነገር የከበደው ሰው ወደ እርሳቸው ጠጋ ይላል፡፡ ክፍያ የለም፤ ቡና እንኳ ከእነዚህ ሰዎች ቤት አይጠጡም፡፡ ደብዳቤውን ተቀብለው ቀድመው ያዩት ጽሑፉን ሳይሆን ከላይ በቀኝ በኩል ያለውን ቀን ነበር፡፡ ከዚያም ቀና ብለው አዩኝ፡፡

ስለዚያ አስተያየት እመለስበታለሁ፡፡ አስቀድሞ ግን ጥያቄው ከእኔ ስንፍና የሰፋ ነውና አንባቢዬ ትንሽ ወደ ኋላ አብሮኝ እንዲጓዝ እለምናለሁ፡፡ በሀገራችን ሕግ ውስጥ የጎረቤት ቦታው የት ነበር? ዛሬስ የት ነው?

በጥንቱ ሥርዓት ሙግት የአደባባይ ነገር ነበረ፡፡ ሁለት ሰዎች መንገድ ላይ ቢጣሉ አላፊ አግዳሚውን አስቁመው ‹‹ዳኘን›› ይሉት ነበር፤ እርሱም ዛፍ ጥላ ሥር ተቀምጦ ሁለቱንም ይሰማል፡፡ ካልተስማሙ ወደ ጭቃ ሹሙ፣ ከዚያም ወደ በላዩ፣ በመጨረሻም ወደ አፈ ንጉሡና ወደ ንጉሡ ችሎት ይግባኝ ይባል ነበር፡፡ ‹‹በሕግ አምላክ!›› የተባለ ሰው የሰነዘረውን እጅ መሰብሰብ ነበረበት፡፡ የሙግቱ ወግ ‹‹በላ ልበልሃ›› የሚባለው ስለ ነበረ አንደበቱ የተባ ሰው ዋጋ ነበረው፤ ራሱ መናገር የማይሆንለትም ተናጋሪ ያቆም ነበር፡፡ ‹‹ጠበቃ›› የሚለው ቃላችን እንኳ ‹‹ጠበቀ›› ከሚለው ግሥ የወጣ ነው፤ በቃሉ ውስጥ ዘብ የሚቆም ሰው አለ፡፡

በዚያ ሥርዓት ጎረቤት ብዙ ነበር፡፡ ተከራካሪ ‹‹ዋስ ጥራ›› ሲባል የሚጠራው ጎረቤቱን ነው፤ ምስክሩም ጎረቤቱ ነው፤ ሽማግሌውም እርሱው ነው፡፡ ዋስ ያጣ ሰው ዕጣው ከባድ ነበር፡፡ ባለዕዳና አበዳሪ፣ ከሳሽና ተከሳሽ፣ ነጠላ ከነጠላ ወይም እጅ ከእጅ ታስረው ቁራኛ ሆነው ወደ ዳኛ ይሄዱ ነበር፡፡ እንግዲህ የዚያ ዘመን ሥርዓት ፍጹም ነበር ለማለት አይደለም፡፡ ‹‹ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ›› የተባለውም በዚያው ዘመን ነው፡፡ ድሀ ከባላባት ጋር ሲሟገት ዛፉ ጥላ ሥር ያለው ዳኛ ማንን እንደሚፈራ መገመት አያዳግትም፡፡ ሆኖም ሙግቱ የሚካሄድበት ቋንቋ፣ ቦታውም፣ ወጉም ሁሉ ሕዝቡ የሚያውቀው ነበር፡፡

አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሚኒስትሮችን ሲሾሙ ፍርድን ለአፈ ንጉሥ ነሲቡ ሰጡ፡፡ ከጣልያን ወረራ በኋላ ደግሞ በ1934 ዓ.ም. የፍርድ አስተዳደር አዋጅ ወጥቶ ፍርድ ቤቶች በደረጃ ተዋቀሩ፡፡ እ.ኤ.አ. በ1952 የጠበቆች ምዝገባ ደንብ ወጣ፡፡ ቀጥሎም የወንጀለኛ መቅጫው፣ የፍትሐ ብሔሩ፣ በ1958 ዓ.ም. ደግሞ የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓቱ ሕግ ታተሙ፡፡ ሕጉ ከአፍ ወደ ወረቀት ተሻገረ፡፡ ይህ መሻገር ትልቅ በጎ ነገር አለው፤ ዳኛው ዛሬ የወደደውን ነገ እንዳይለውጥ ይገታዋል፡፡ ነገር ግን ማንበብ የማይችለውን እጅግ ብዙ ሕዝብ ከደጅ አስቀረው፡፡ አንደበተ ርቱዕ የነበረው ገበሬ ከተማ ሲገባ ዲዳ ሆነ፡፡ በፍርድ ቤቶች አጥር ሥር ጃንጥላ ዘርግቶ፣ መኪናውን ጉልበቱ ላይ አስቀምጦ አቤቱታ የሚከትበው ራፖር ጸሐፊ የተወለደው ከዚሁ ክፍተት ነው፡፡ ብዙው ሰው ስለ ሕግ የሚሰማው የመጀመሪያ ቃል የዳኛ ወይም የጠበቃ ሳይሆን የራፖር ጸሐፊ ነበር፡፡

ሕጉ ድሀውን ፈጽሞ ረስቶት ነበር ማለት ግን ስሕተት ይሆናል፡፡ በ1948 ዓ.ም. የተሻሻለው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 52 ላይ፣ በወንጀል የተከሰሰ ሰው በራሱ ጥረትም ሆነ በራሱ ገንዘብ ጠበቃ ማግኘት ካልቻለ ፍርድ ቤቱ እንዲያቆምለት ደንግጎ ነበር፡፡ ይህ እ.ኤ.አ. በ1955 መሆኑን ልብ እንበል፡፡ የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በእስር ቤት ሆኖ በእርሳስ አቤቱታ በጻፈው በክላረንስ ጊዲዮን ጉዳይ፣ ክፍለ ግዛቶች በከባድ ወንጀል ለተከሰሰ ድሀ ጠበቃ ሊያቆሙለት ይገባል ብሎ የወሰነው እ.ኤ.አ. በ1963 ነው፡፡ በወረቀት ላይ ከሰባት ዓመት በላይ ቀድመን ነበር! የሥነ ሥርዓት ሕጋችንም ከአንቀጽ 467 ጀምሮ የዳኝነት ገንዘብ መክፈል የማይችል ሰው ድህነቱን አስረድቶ ያለ ክፍያ እንዲከስ ይፈቅዳል፡፡ ጉድለቱ ድንጋጌው ላይ አልነበረም፡፡ ጉድለቱ፣ ድንጋጌው መኖሩን ለባለጉዳዩ የሚነግረው ሰው አለመኖሩ ነበር፡፡ በድህነት መክሰስ የሚፈልግ ሰው አስቀድሞ በድህነት መክሰስ እንደሚቻል ማወቅ አለበት፡፡

ከዚያ አብዮቱ መጣ፡፡ ሐምሌ 1967 ዓ.ም. የወጣው የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት አዋጅ የከተማ ነዋሪዎችን በማኅበር አደራጀ፤ ቀበሌም የፍርድ ሸንጎ አገኘ፡፡ ዳኞቹ ከነዋሪው መካከል የተመረጡ ስለ ነበሩ ጎረቤት ከዋስነትና ከምስክርነት አልፎ ዳኛ ሆነ፡፡ የአጥር፣ የኪራይ፣ የስድብ ጉዳይ ሁሉ ከቤት ብዙ ሳይርቅ ይታይ ጀመር፤ ይህ ለብዙ ሰው እፎይታ ነበር፡፡ ግን ያው ቀበሌ በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. በቀይ ሽብር ወቅት ጎረቤት ጎረቤቱን የሚጠቁምበት፣ ሰው ያለ ፍርድ የሚታሰርበት ቤትም ሆነ፡፡ ከዚህ አንድ ከባድ ትምህርት ይወሰዳል፤ ቅርበት ብቻውን ፍትሕ አይሆንም፡፡ የሚያውቅህ ሰው ሊረዳህ እንደሚችል ሁሉ ሊጎዳህም ይችላል፡፡ ጋሼ የአንዱን ቤት ጉዳይ በሌላው ቤት የማያነሱት፣ ቡናም የማይጠጡት፣ በዚያ ዘመን ጎልማሳ ስለ ነበሩ ይመስለኛል፡፡

በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 20፣ ጠበቃ ለማቆም አቅም ለሌለውና በዚህም ምክንያት ፍትሕ ሊጓደልበት ለሚችል ተከሳሽ መንግሥት ጠበቃ እንዲመድብለት ደነገገ፤ አንቀጽ 37 ደግሞ ፍትሕ የማግኘት መብትን ለሁሉም አወጀ፡፡ በዚሁ ዓመት የደርግ ባለሥልጣናት ችሎት ሲጀመር የተከላካይ ጠበቆች አገልግሎት በተግባር ታየ፡፡ ሆኖም ይህ ጠበቃ የሚቆመው ለወንጀል ተከሳሽ ነው፡፡ ቀለብ የተከለከለች እናት፣ ቤቱ የሚፈርስበት አባወራ፣ ከሥራ የተባረረች የጽዳት ሠራተኛ በዚያ በር አይገቡም፡፡

ያንን ባዶ ቦታ ለመሙላት የተነሡት በጎ ፈቃደኞች ናቸው፡፡ አፓፕ በሚል አጭር ስም የሚታወቀው የባለሙያዎች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ1993 ተቋቁሞ ነፃ የሕግ ምክር ይሰጥ፣ ተራውን ሰውም ለጎረቤቶቹ የሕግ ረዳት እንዲሆን ያሠለጥን ነበር፡፡ እ.ኤ.አ. በ1995 ደግሞ ወይዘሮ መዓዛ አሸናፊና ጓደኞቻቸው የኢትዮጵያ ሴቶች የሕግ ባለሙያዎች ማኅበርን መሠረቱ፡፡ ማኅበሩ ብዙም ሳይቆይ ሀገር የሚያነጋግር ጉዳይ ገጠመው፡፡ በአርሲ የ14 ዓመት ተማሪ ተጠልፋ፣ ለማምለጥ ስትሞክር ጠላፊዋን በራሱ መሣሪያ ገድላ በነፍስ ግድያ ተከሰሰች፡፡ ማኅበሩ ያለ ክፍያ ቆመላት፤ ሙግቱ ሁለት ዓመት ገደማ ወስዶ ልጅቱ ራሷን ለመከላከል ያደረገችው ነው ተብላ ነፃ ወጣች፡፡ በ1992 ዓ.ም. የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ሲወጣም የማኅበሩ ድካም በውስጡ ነበረበት፡፡

የዚህ ታሪክ ጅራት ግን ከራሱ ያላነሰ ያስተምራል፡፡ በጉዳዩ ላይ ተመሥርቶ የተሠራው ‹‹ድፍረት›› የተባለው ፊልም ነሐሴ 2006 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሊመረቅ ታዳሚው ከተቀመጠ በኋላ በፍርድ ቤት እግድ ቆመ፡፡ ባለታሪኳ፣ ያን ጊዜ አዋቂ ሴት፣ ሕይወቴ ሳልጠየቅ ለዕይታ ቀረበ የሚል አቤቱታ ነበራት፡፡ እኔ ማን ልክ ነበር ብዬ ለመፍረድ አልነሣም፡፡ ግን አንድ ጊዜ የተረዳ ሰው ዕድሜ ልኩን የረጂው ታሪክ ንብረት እንዳልሆነ ከዚህ በላይ የሚያሳይ ነገር አላውቅም፡፡ በልጅነቷ ሌሎች የቆሙላት ሴት ኋላ በራሷ አንደበት ‹‹በሕግ አምላክ›› አለች፡፡ የሕግ ርዳታ ፍሬም ይኸው መሆን ነበረበት፡፡

መንገዱ ለበጎ ፈቃደኞቹም አልጋ በአልጋ አልነበረም፡፡ የሴቶቹ ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2001 ለጥቂት ጊዜ ታገደ፡፡ በ2001 ዓ.ም. የወጣው የበጎ አድራጎት አዋጅ ቁጥር 621 ደግሞ በመብት ላይ የሚሠራ የሀገር ውስጥ ድርጅት ከገቢው ከ10 በመቶ በላይ ከውጭ እንዳያገኝ ከለከለ፤ ማኅበሩም አብዛኛውን ሠራተኛውን ለማሰናበት፣ አገልግሎቱን ለማጠፍ ተገደደ፡፡ አዋጁ በ2011 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1113 ተተካ፤ ወይዘሮ መዓዛም በዚያው ዓመት የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንት ሆነው ተሹመው እስከ 2015 ዓ.ም. አገለገሉ፡፡ በመካከል ባሉት አሥር ዓመታት ግን ተዘግቶ ያገኙትን ቢሮ ከበር አይተው የተመለሱትን ሴቶች ማን ይቆጥራቸው?

ለጠበቆችም ግዴታ ተጥሎ ነበር፡፡ በ1992 ዓ.ም. የወጣው የጠበቆች የሥነ ምግባር ደንብ ቁጥር 57፣ ጠበቃ በዓመት ቢያንስ 50 ሰዓት በነፃ ወይም በአነስተኛ ክፍያ እንዲያገለግል ያዝዛል፡፡ መልካም ነው፡፡ ግን 50 ሰዓት ያለው ጠበቃ መሐል ከተማ ነው፤ ባለጉዳዩ አስኮ ነው፡፡ ሁለቱን የሚያገናኝ ሰው ያስፈልጋል፡፡ ሌሎች ሀገሮችም በዚሁ መንገድ ሄደዋል፡፡ ማላዊ እ.ኤ.አ. ከ2000 ጀምሮ ጠበቃ ያልሆኑ የሕግ ረዳቶችን ወደ እስር ቤቶች አስገብታ እስረኞች ስለ ዋስትና መብታቸው እንዲማሩ አድርጋለች፡፡ ሴራሊዮን ከእርስ በርስ ጦርነቷ ማግሥት፣ እ.ኤ.አ. በ2003፣ ‹‹ቲማፕ›› በተባለ ድርጅት የመንደር ሰዎችን አሠልጥና ለመንደራቸው ረዳት አድርጋለች፡፡

አስኮ እንግዲህ በምዕራብ የመዲናዋ ጫፍ፣ ከዊንጌት አልፎ ወደ ቡራዩና ወደ አምቦ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለ ሰፈር ነው፡፡ ከተማው እየሰፋ ሲመጣ እርሻው ግቢ፣ ግቢውም ኪራይ ቤት ሆኗል፡፡ እንዲህ ባለ ሰፈር የነገር ዓይነቱ ይታወቃል፡፡ አንዱ ቤት የገዛው በሰፈር ሽማግሌ ፊት በተፈረመ ወረቀት ነው፤ የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 1723 ግን የማይንቀሳቀስ ንብረት ውል በጽሑፍ ሆኖ በፍርድ ቤት ወይም በውል አዋዋይ ፊት እንዲመዘገብ ያዝዛል፡፡ ሌላው በጨረቃ በሠራው ቤት ነው የሚኖረው፡፡ ሌላዋ ባሏ ሞቶ የወራሽነት ማረጋገጫ አላወጣችም፡፡ ሌላዋ የልጆቿን ቀለብ ትጠይቃለች፡፡ ከእነዚህ ሰዎች አብዛኞቹ መብት አጥተው አይደለም የሚወድቁት፡፡ የሚጥላቸው ቀን ነው፡፡

ጋሼ ይህን ያውቃሉና መጀመሪያ የሚያነቡት ቀኑን ነው፡፡ ሥራቸውም ሦስት ነገር ብቻ ነው፤ አንብቦ ማስረዳት፣ ወረቀቱን በቅደም ተከተል ማስያዝ፣ ወደ ትክክለኛው በር ማድረስ፡፡ ችሎት ፊት አይቆሙም፤ ‹‹ይወከሉልኝ›› ሲባሉም አሻፈረኝ ይላሉ፡፡ አንድ ቀን ምክንያቱን ጠየቅኳቸው፡፡ ‹‹ፈቃድ የለኝማ! የሥነ ሥርዓት ሕጉ ከጠበቃ ሌላ እንዲወክል የሚፈቅደው ለባል፣ ለሚስት፣ ለወንድም፣ ለልጅ፣ ለወላጅ፣ እንዲህ ለመሳሰሉት ነው፡፡ ጎረቤት አላለም›› አሉኝ፡፡ ገረመኝ፡፡ ‹‹ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት›› ብለን የምንተርት ሕዝብ ነን፤ ሕጋችን ግን የሩቁን ወንድም ያውቀዋል፣ የቅርቡን ጎረቤት አያውቀውም፡፡ ጥንት ዋስ የነበረው፣ በደርግ ዘመን ዳኛ የሆነው ጎረቤት ዛሬ እስከ ችሎቱ ደጃፍ ብቻ ነው የሚሸኘው፡፡ ጋሼ በዚህ ቅር አይሰኙም፡፡ ‹‹ደጃፉ ድረስ የሚያደርስ ቢኖር ኖሮ ስንቱ ይገባ ነበር!›› ይላሉ፡፡

አሁን ወደዚያች እሑድ ልመለስ፡፡ ጋሼ ቀና ብለው አዩኝ፤ ከዚያም ቀስ ብለው፣ ለእኔ ሳይሆን ለእርሳቸው፣ እንዲህ አሉ፤ ‹‹እኅቴ፣ ወደ ሥራ መልሱኝ ብሎ ለመክሰስ የሠራተኛ አዋጁ የሚሰጠው ሦስት ወር ነው፡፡ እርሱ በይርጋ አልፏል፡፡ ያልተከፈለሽን ደመወዝና የስንብት ክፍያ ለመጠየቅ ግን ስድስት ወር አለሽ፤ ሁለት ወር ገደማ ይቀርሻል፡፡ የሠራተኛ ክስ የዳኝነት ክፍያ የለበትም፡፡ ነገ ጠዋት እንሄዳለን፡፡›› እኔ ቆሜ ቀረሁ፡፡ ጎረቤቴ ግን ወደ እኔ ዞር ብለው፣ ‹‹አይዞህ ልጄ፣ አንተ ምን ታደርግ፤ ሥራ በዝቶብህ ነው›› አሉኝ፡፡ ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር፡፡

በማግሥቱ ሦስታችንም አብረን ሄድን፡፡ ጋሼ አቤቱታው በማን፣ ለየትኛው ምድብ እንደሚጻፍ አስረዱ፤ የነፃ አገልግሎት ሰዓቱን ያላሟላ አንድ ጠበቃም አገኙ፡፡ ያ ‹‹እጠይቅልዎታለሁ›› ብዬ የነበረው ጓደኛዬ ነበር፤ በስልክ ለማግኘት የፈጀው ጊዜ አምስት ደቂቃ አይሞላም፡፡ ጉዳዩ ተሰማ፤ ክፍያው ተፈረደላቸው፡፡ ሥራቸውን ግን አላገኙም፡፡ የአበው ተረት ተገለበጠ፤ በቅሎዪቱ ያለ ፍርድ ሄደች፣ ጭብጦዋ በፍርድ ተመለሰች፡፡ የበቅሎዪቱ ዕዳ በእኔ ላይ አለ፡፡

ከዚያ ወዲህ እሑድ እሑድ ከጋሼ አጠገብ እቀመጣለሁ፡፡ የሕግ ሰው አይደለሁም፤ ፍርድም ክርክርም አላውቅም፡፡ ሥራዬ አንዲት ደብተር መያዝ ብቻ ነው፡፡ ደብዳቤ ይዞ የመጣውን ሰው ወረቀት እቀበላለሁ፣ ከላይ በቀኝ በኩል ያለውን ቀን አያለሁ፣ ስንት ቀን እንደ ቀረ ቆጥሬ ጮክ ብዬ እናገራለሁ፡፡ ባለፈው እሑድ አንድ ወጣት ትናንት የተጻፈ ደብዳቤ ይዞ መጣ፡፡ ‹‹ገና ነው፤ ሙሉ ጊዜ አለህ›› አልኩት፡፡ እትዬ ከሴቶቹ መካከል ተቀምጠው ሰምተውኛል፤ ነጠላቸውን አስተካክለው ፈገግ አሉ፡፡

ቸር ይግጠመን፡፡